አሮጌ የመዳብ ገንዘብን ማቆየት ይጠቅማልን? ከፉሉስ ፊቅህ እስከ ሐረር መሐለቅና የሐድያ ገበያ

መግቢያ

በብዙ የሀገራችን ክፍሎች እንደሚሆነው ሁሉ፣ በሆሳዕና ከተማም ሆነ እንደ ሀቢቾ ባሉት የአካባቢዋ ቀበሌዎች፣ ከአያት የተረፈ ሣጥን ሲከፈት በጨርቅ የተቋጠረ አሮጌ ገንዘብ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቋጠሮው ሲፈታ ወራሾች በመጀመሪያ የሚያደርጉት መለየት ነው። ጠገራው ብር ለብቻው ይቀመጣል፤ ሚዛን የሚደፋ፣ ገዥም የማያጣ ነውና። ቤሳው፣ መሐለቁና አሮጌው ሳንቲም ግን ለልጆች መጫወቻ ይሰጣል፣ ወይም ከተሰበረ ድስት ጋር ተደምሮ ለቆራሌው ይሸጣል። በአማርኛ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ማለት ምንም የለኝም ማለት ነው። የመዳብ ገንዘብ ምንምነትን መግለጫ ሆኖ የቀረው በከንቱ አይደለም፤ ሰው ለዘመናት የሰጠው ዋጋ ይኸው ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው፣ አሮጌ ገንዘብ ሁሉ አንድ ቀን ውድ ይሆናልና ይቀመጥ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መዳብ መዳብ ነውና በኪሎ ይሸጥ፣ ገንዘቡም ለሚጠቅም ነገር ይዋል የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም አስተያየቶች ጥያቄውን ከአንድ ወገን ብቻ፣ ማለትም ከዋጋ ወገን ብቻ፣ መመልከታቸውን ያሳያል። የመዳብ ገንዘብ እንደ ሀብት ሲመዘን ቀላል ነው፤ እንደ ሰነድ ሲመዘን ግን፣ በተለይ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ፣ ተተኪ የሌለው ምስክር ነው። ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ ፉቀሃእ ስለ መዳብ ገንዘብ ምን እንዳሉ፣ ቀጥሎ የሐድያ፣ የአክሱም፣ የሐርላና የሐረር ማስረጃ ምን እንደሚናገር፣ በመጨረሻም የተገኘ ገንዘብ ምን ሊደረግበት እንደሚገባ እንመለከታለን።

1. መዳብ በፊቅህ ሚዛን

በእስልምና ሕግ ወርቅና ብር የማያከራክር የገንዘብነት ደረጃ አላቸው። ዘካ የሚወጣበት ኒሷብ የተወሰነው በ20 ሚስቃል ወርቅና በ200 ዲርሃም ብር ነው። የመዳብ ገንዘብ፣ በዐረብኛ ፈልስ፣ ሲበዛ ፉሉስ፣ በዚህ መለኪያ ውስጥ በስሙ አልገባም። በዚህም ምክንያት የመዝሀብ ኢማሞች ተለያይተውበታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ፉሉስ በገበያ ቢዘዋወርም እንደ ወርቅና ብር የሪባ ደንብ አይመለከተውም። ኢማም ማሊክ በፉሉስ ምንዛሪ ላይ መዘግየትን ጠልተዋል። ከሐነፊዮች መካከል አቡ ሐኒፋና አቡ ዩሱፍ አንድን ተለይቶ የታወቀ ፈልስ ተለይተው በታወቁ ሁለት ፈልሶች መለወጥን ሲፈቅዱ፣ ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ከልክለዋል።

ከዚህ ልዩነት በስተጀርባ አንድ ጥልቅ ጥያቄ አለ፤ የመዳብ ገንዘብ ዋጋ ከየት ይመጣል? ከማዕድኑ እንዳይባል ማዕድኑ ርካሽ ነው። ስለዚህ የመዳብ ገንዘብ ዋጋ ከሰዎች ስምምነትና ከሱልጣን ማኅተም የመጣ ነው። ማኅተሙ ሲሻር ወይም ሰዎች ሲተዉት ዋጋው ይጠፋል። ፉቀሃእ ይህን ሁኔታ «ከሳድ» ብለው በመሰየም ብርቱ ክርክር አድርገውበታል። አንድ ሰው በፉሉስ ዕቃ ሸጦ ክፍያውን ሳይቀበል ፉሉሱ ከገበያ ቢወጣስ? በአቡ ሐኒፋ ዘንድ ሽያጩ ይፈርሳል፤ በአቡ ዩሱፍ ዘንድ ገዥው በሽያጩ ዕለት የነበረውን ዋጋ ይከፍላል፤ በሙሐመድ ዘንድ ደግሞ ፉሉሱ በገበያ ላይ በነበረበት በመጨረሻው ቀን የነበረው ዋጋ ይታሰባል። የደማስቆው ሊቅ ኢብኑ ዓቢዲን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ገንዘብ መለዋወጥ ራሱን የቻለ ድርሳን የጻፉት ይህ ጥያቄ በየዘመኑ ስለሚመለስ ነው።

ለያዝነው ጉዳይ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ከገበያ የወጣ መዳብ በፊቅህ ዓይን ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ ተራ ዕቃ ይሆናል። ለመታሰቢያ የተቀመጠ አሮጌ ሳንቲም ዘካ የለበትም፤ ለንግድ የተገዛ ከሆነ ግን እንደማንኛውም የንግድ ዕቃ በዋጋው ተተምኖ ዘካ ይወጣበታል። በሱረቱ ተውባ 34ኛ አንቀጽ የተወገዘው ማከማቸት ወርቅንና ብርን ሰብስቦ በአላህ መንገድ አለማውጣትን የሚመለከት በመሆኑ፣ ከአገልግሎት የወጣ ቤሳ ያስቀመጠ ሰው በዚህ አይወቀስም። ነገር ግን «ነገ ባለጸጋ ያደርገኛል» ብሎ ከቤተሰቡ ጉሮሮ ነጥቆ አሮጌ መዳብ የሚገዛ ሰው፣ ዋጋው በሌሎች ሰዎች ፍላጎት ላይ ብቻ በቆመ ዕቃ ንብረቱን እያሠረ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

2. አል-መቅሪዚ፦ የመዳብ ወቃሽና የሐበሻ ሙስሊሞች ዘጋቢ

የመዳብን ገንዘብ ከሁሉ በላይ የነቀፈው የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ተቂዩዲን አል-መቅሪዚ (766–845 ዓ.ሂ.) ነው። በካይሮ የገበያ ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ሙሕተሲብ፣ ሆኖ ያገለገለ በመሆኑ ጉዳዩን የሚያውቀው በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በ808 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1405) ስለ ረሃብና ኑሮ ውድነት በጻፈው «ኢጋሰቱል ኡማ» በተሰኘው ድርሳኑ፣ የግብጽን ሕዝብ ከጎዱት ምክንያቶች አንዱ የፉሉስ መብዛት መሆኑን አስረድቷል። በሱልጣን በርቁቅ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ሹም ማሕሙድ ኢብኑ ዐሊ ከአውሮፓ ቀይ መዳብ እያስመጣ ፉሉስ በብዛት ማሳተሙን፣ ብሩ ከገበያ እየጠፋ ሲሄድም ለጥቃቅን ዕቃ መግዣ ብቻ የነበረው መዳብ የሁሉ ነገር መለኪያ መሆኑን ይገልጻል። በእርሱ አመለካከት እውነተኛ ገንዘብ ወርቅና ብር ብቻ ናቸው።

ይኸው አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት «አል-ኢልማም» የተሰኘውን አጭር ግን እጅግ ጠቃሚ መጽሐፍም ጽፏል። ለዚህ መጽሐፍ በ839 ዓ.ሂ. በመካ ሳለ ከሐበሻ ጉዳይ ዐዋቂዎች የሰማውን ከቀደምት ጽሑፎች ጋር አጣምሯል። ስለ ሐድያ፣ ስለ ደዋሮ፣ ስለ ባሌና ስለ ሌሎቹ ሱልጣኔቶች ከምናውቀው ብዙው በእርሱና ከእርሱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በጻፈው በአል-ዑመሪ በኩል የተላለፈ ነው።

ሁለቱ ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ አንድ ነገር ይታያል። ያ የተነቀፈው መዳብ ዛሬ የራሱን የአል-መቅሪዚን ቃል መመዘኛ ሆኗል። የመምሉክ ዘመን ፉሉስ በየሙዚየሙ ስለተጠበቀ ተመራማሪዎች ክብደቱን፣ ብዛቱንና የታተመበትን ስፍራ እየመረመሩ ትረካውን በማስረጃ ማየት ችለዋል። ስለ ሐበሻ ሙስሊሞች የጻፈውን ግን በዚያው ልክ መመርመር አዳጋች ነው፤ ከመጽሐፉ ጎን የሚቆም ቁሳዊ ማስረጃ በጣም ጥቂት ነውና። የመዳብን ጉዳይ ለእኛ አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ጉድለት ነው።

3. ሐድያ፦ መዳብ ያላተመች ሀገር

አል-ዑመሪ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጻፈው «መሳሊኩል አብሷር» ውስጥ ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች ሲዘረዝር በየሀገሩ የሚሠራበትን መገበያያም ያነሣል። በአውፋት፣ በእኛ አጠራር ይፋት፣ ነጋዴዎች የሚያመጡት የግብጽ ዲናርና ዲርሃም ይሠራበት ነበር። በደዋሮና በሐድያ ግን «ሐኩና» የተባለ፣ ርዝመቱ መርፌ የሚያህል፣ ወርዱ ግን ከመርፌ የሰፋ የብረት ቁራጭ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር።

ይህ አጭር ዘገባ ብዙ ነገር ይነግረናል። ሐድያ በዚያ ዘመን ሰፊና ብዙ ሠራዊት ያላት፣ ከንግድ መስመር ጋር የተሳሰረች ግዛት ነበረች፤ ሆኖም የራሷን ስም የተጻፈበት ገንዘብ ማተሟ አይታወቅም። ኢብኑ ኸልዱን ሲካን፣ ማለትም ገንዘብ የማተም ሥልጣንን፣ ከንግሥና ምልክቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የሐድያ ገራዶች ያለዚህ ምልክት መግዛታቸው ሥልጣናቸው ደካማ ነበር ማለት አይደለም። ገበያው የሚፈልገው በቀላሉ የሚቆጠር፣ ለማረሻና ለመሣሪያ ሊለወጥ የሚችል ብረት ነበር። ብረቱ የራሱ ጥቅም ስለነበረው የማንም ማኅተም ሳያስፈልገው ዋጋውን ይጠብቃል። ከዚህ አንጻር ሐኩና የአል-መቅሪዚን ፉሉስ ካጠቃው በሽታ የዳነ ገንዘብ ነበር ማለት ይቻላል።

የሐኩና ጉዳት ግን ለታሪክ ነው። ስም የለውም፣ ዓመት የለውም፣ በዚያ ላይ ብረት በእርጥብ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በሐድያና በከምባታ ምድር የሚገኝ ማንኛውም ጽሑፍ ያለበት አሮጌ መዳብ ከሌላ ስፍራ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳ በመሆኑም መንገድን ያመለክታል። በሐረር የታተመ አንድ መሐለቅ በሐረር ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። ያው መሐለቅ በሆሳዕና አካባቢ በማረሻ ቢወጣ ግን በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ስለነበረ ግንኙነት፣ ስለ ነጋዴ ወይም ስለ ደረሳ ጉዞ፣ መጠየቅ ያስገድዳል። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሐድያን ታሪክ ሲጽፉ በብዛት የተመረኮዙት በቃል ትውፊት ላይ ነው። ትውፊቱ ስለ ምሥራቅ፣ ስለ ሐረርና ስለ አዳል ብዙ ይናገራል። ትውፊቱን በቁሳቁስ ለመደገፍ ወይም ለማረም ከሚያስችሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ የት እንደተገኘ በትክክል የታወቀ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ሊጨበጥ የሚገባው ነጥብ የሚከተለው ነው፤ የገንዘቡ ምስክርነት የሚቆመው በተገኘበት ስፍራ ዕውቀት ላይ ነው። ከሀቢቾ ማሳ የወጣ መዳብ አዲስ አበባ ገበያ ላይ ያለ ታሪኩ ከተሸጠ፣ ገዥው መዳቡን አገኘ እንጂ ምስክሩን አላገኘም። ሻጩም ጥቂት ብር ተቀብሎ ያካባቢውን አንድ ገጽ አሳልፎ ሰጥቷል።

4. የአክሱም መዳብና የነጃሺ ጥያቄ

የመዳብ ገንዘብ ለእስልምና ታሪክ ያለውን ክብደት ከአክሱም የተሻለ የሚያሳይ የለም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሳትመዋል። በአንዳንዶቹ የመዳብና የብር ገንዘቦች ላይ ወርቅ መለበጣቸው ከዘመኑ መንግሥታት የተለየ ጥበብ ነበር። የወርቁ ገንዘብ በአመዛኙ በግሪክኛ ተጽፎ ለውጭ ንግድ ሲውል፣ ግዕዝ እየጎላ የመጣው የሀገር ውስጥ ሰው በሚይዘው በብሩና በመዳቡ ላይ ነው።

ከመጨረሻዎቹ የአክሱም ገንዘብ አሳታሚዎች አንዱ አርማሕ የተባለው ንጉሥ ነው። የእርሱ የወርቅ ገንዘብ አልተገኘም፤ የታወቁት የብርና የመዳብ ብቻ ናቸው። በመዳቡ ላይ ንጉሡ በዙፋን ተቀምጦ ይታያል፤ ጽሑፉም ለሕዝቦች ደስታ ይሁን የሚል ትርጉም ያለው የግዕዝ ቃል ነው። ዘመኑ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ስለሚታሰብ፣ የመጀመሪያዎቹን ሙሃጂሮች (እ.ኤ.አ. 615 ገደማ) የተቀበሉት ነጃሺ እርሱ ይሆን የሚል ሐሳብ በተመራማሪዎች ዘንድ ቀርቧል።

ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የዐረብኛ ምንጮች ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሩቅ ሶላተል ጀናዛ የሰገዱላቸውን ንጉሥ ስም አስሐማ ይሉታል። ይህን ስም ከአርማሕ ጋር ከማገናኘት ይልቅ በነገሥታት ዝርዝር ከሚገኘው «እለ ሰሐም» ጋር ማቀራረብ የመረጡ አሉ። በመጨረሻዎቹ ነገሥታት ቅደም ተከተል ላይም ስምምነት የለም። ስለዚህ ገንዘቡ ክርክሩን አልዘጋም። ይሁን እንጂ እነዚያ ትናንሽ የመዳብ ቁራጮች ባይጠበቁ ኖሮ አርማሕ የሚባል ንጉሥ በዙፋን ተቀምጦ ምን እንደሚመስል፣ በምን ቋንቋ ሕዝቡን እንዳነጋገረ፣ ወርቅ ማሳተም በቀረበት ዘመን ስለ መኖሩም ጭምር የምናውቀው ነገር ባልነበረ ነበር። ሂጅራው ስለተደረገበት ሀገር በዘመኑ ከተሠሩ ነገሮች በእጅ የሚዳሰሰው ጥቂት ነው፤ ከዚህ ጥቂት ውስጥ መዳብ ይገኝበታል።

በተቃራኒው ከወርቅ ያነሰ ትኩረት መዳብን እንደሚጎዳ ማየትም ይቻላል። በደብረ ዳሞ የኡመያና የዐባሲድ ዘመን ገንዘቦች መገኘታቸው የታወቀው ከከበረ ማዕድን የተሠሩ በመሆናቸው ዓይን ስለሳቡ ነው። ከእነርሱ ጋር ወይም በሌላ ስፍራ ፉሉስ ቢኖር ኖሮ አግኚው ያነሣው ነበር ብሎ መተማመን አይቻልም።

5. ሐርላና ሐረር

በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ፣ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ የተደረገው ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከሩቅ ሀገር የመጡ ዶቃዎችና ሸክላዎች፣ እንዲሁም የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብጽ የብርና የነሐስ ገንዘቦች አውጥቷል። በነዋሪዎች ዘንድ ሐርላ የግዙፍ ሰዎች ከተማ ነበረች እየተባለ ይተረክ ነበር። ቁፋሮው ትረካውን ወደ ታሪክ ሲመልስ ገንዘቦቹ የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ዋጋቸው ግን ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከምን ጋር እንደወጡ በመመዝገቡ የመጣ ነው። ያለዚያ አንድ የአዩቢ ዘመን ነሐስ በካይሮ ገበያ በቀላሉ የሚገኝ ተራ ዕቃ ነው።

የሐረር ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባለውን ጥቃቅን ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 (እ.ኤ.አ.) በሐረር አሥር ቀን በቆየበት ጊዜ ያየውን ሲጽፍ፣ በከተማዋ የሚሠራበት ገንዘብ በእጅ የተሠራ ትንሽ የነሐስ መሐለቅ መሆኑን፣ በአንድ ፊቱ የሐረር ሲካ መሆኑ፣ በሌላው 1248 የሚል የሂጅራ ዓመት መጻፉን፣ አሚሩም ሌላ ገንዘብ የሚያዘዋውረውን ያለ ርኅራኄ እንደሚቀጣ ገልጿል።

ይህ ዓመተ ምሕረት ሲመረመር አንድ ጥያቄ ይወልዳል። 1248 ዓ.ሂ. በአሚር ዐብዱልከሪም ዘመን ይውላል። በርተን የገባው ግን በ1271 ዓ.ሂ.፣ በአሚር አሕመድ ኢብኑ አቡበክር ዘመን ነው፤ በመካከሉ 23 የሂጅራ ዓመታትና ሌላ አሚር አልፈዋል። ታዲያ ያየው ገንዘብ ሃያ ሦስት ዓመት የቆየ ነበርን? ወይስ ተከታዮቹ አሚሮች የቀድሞውን ዓመት እንዳለ ይዘው ማሳተም ቀጥለው ነበር? ሁለተኛው የማይመስል እንዳይባል በራሳችን ዘመን ተመሳሳዩን አይተናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች 1936 የሚለውን ዓመት እንደያዙ ለብዙ ዓመታት ታትመዋል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡትም 1969 የሚለውን እንዲሁ ይዘው ዘልቀዋል።

ጥያቄውን መመለስ የሚቻለው በአንድ መንገድ ነው፤ ይኸውም 1248 የተጻፈባቸውን ብዙ መሐለቆች በአንድነት ሰብስቦ የማተሚያ ማኅተማቸውን ቅርጽ፣ ክብደታቸውንና የማዕድን ቅይጣቸውን በማነጻጸር ነው። ማኅተሞቹ ጥቂት ከሆኑ ኅትመቱ አጭር ነበር፤ ብዙ ከሆኑና ቅይጡ እየተለወጠ ከሄደ ግን ኅትመቱ ለዓመታት ቀጥሏል ማለት ነው። ቅይጡ እየረከሰ መሄዱ ከታወቀም ስለ አሚሮቹ ግምጃ ቤትና በሕዝቡ ላይ ስለደረሰው ጫና፣ አል-መቅሪዚ ስለ ካይሮ የነገረንን ያህል፣ ስለ ሐረር ማወቅ እንጀምራለን።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ከተለመደው የሰብሳቢዎች አስተሳሰብ ጋር ይጋጫል። ሰብሳቢ ብርቅ የሆነውን ይፈልጋል፤ ተራውን፣ ያለቀውን፣ ተመሳሳዩን ይጥላል። ለታሪክ ግን የሚጠቅመው ብዛት ነው። ሃምሳ የተቦጫጨቁ መሐለቆች ከአንድ ንጹሕ መሐለቅ ይልቅ ስለ ኅትመቱ ብዙ ይናገራሉ። «ብርቁን አስቀምጥ፣ ተራውን አቅልጥ» የሚለው ምክር ጠንቀኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጉዳይ ቀደም ብለው የተገነዘቡ የሀገር ልጆች አሉ። አሕመድ ዘካሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያሳተሙት የሐረር ገንዘቦች የመጀመሪያ ደረጃ ቅኝት ለዘርፉ መሠረት ሆኗል። በሐረር አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ከየቤቱ የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ጌጣጌጦችና ገንዘቦች ደግሞ በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም ለሕዝብ ቀርበዋል። የሁለቱ ሥራ የሚያሳየው፣ ከቆራሌው ጆንያ የተረፈ መዳብ ሊቅና ጠባቂ ሲያገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል ነው።

6. ቤሳ፣ ማቶኛና ሳንቲም

በሐድያና በከምባታ ቤቶች በብዛት የሚገኘው ግን የአክሱምም የሐረርም መዳብ አይደለም። አካባቢው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ከአስተዳደሩ፣ ከግብሩና ከገበያው ጋር የመጣው ገንዘብ ነው፤ በፓሪስ መታተም የጀመረው የምኒልክ ብርና ዝርዝሮቹ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ማቶኛ፣ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመዳብ ሳንቲሞች ናቸው።

በሐቅ መናገር ካስፈለገ ከእነዚህ አብዛኞቹ በገበያ ውድ አይደሉም። በብዛት ታትመዋል፤ በብዛትም ተርፈዋል። እንደ ማዕድንም ቢሆን ያው ነው፤ አንዱ ሳንቲም 4 ግራም ቢመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት 250 ያስፈልጋል፣ አንድ ቋጠሮም ይህን ያህል አይይዝም። ስለዚህ «አስቀምጡ፣ ትከብሩበታላችሁ» ብሎ ለገበሬ መምከር ማታለል ነው።

ጥቅማቸው በሌላ በኩል ነው። ስማቸው ራሱ ይመሰክራል። ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ የሚሉት ቃላት ከዐረብኛው ሩብዕ፣ ሱምንና ቂርሽ ጋር የተዛመዱ ናቸው። ቤሳ ደግሞ ከህንዱ ፓይሳ ተነሥቶ በህንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ነጋዴዎች አፍ የመጣ ነው። በክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ምስል በተዋበ ገንዘብ ላይ የሙስሊም ነጋዴው ቋንቋ ተቀምጧል ማለት ነው። በቅርጽም ቢሆን ትምህርት አለ። ክቡ የመዳብ 25 ሳንቲም በመጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ነበርና በኋላ ዳሩ የተቆራረጠው ተተካ። ፉቀሃእ በመዳብና በብር መካከል ያሰመሩት መስመር በገበያም ላይ በዓይንና በጣት መለየት ነበረበት።

ከሁሉም በላይ ቋጠሮው እንደ ቋጠሮ ዋጋ አለው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ጨርቅ ውስጥ ጠገራ ብር፣ ቤሳ፣ ማቶኛና ሳንቲም አብረው መገኘታቸው ያ ቤተሰብ በየትኛው ዘመን ከየትኛው ገንዘብ ጋር እንደኖረ፣ የትኛውን አምኖ እንዳስቀመጠ ያሳያል። ወራሾች ብሩን ከመዳቡ ሲለዩት ይህ ሰነድ ይቀደዳል።

7. ከመሬት የወጣ ገንዘብ፦ ሪካዝ ወይስ ሉቀጣ?

አራሽ ከመሬት ገንዘብ ሲያገኝ የፊቅህ የመጀመሪያ ጥያቄ በላዩ ምን ተጽፏል የሚል ነው። የጃሂሊያ ዘመን፣ ማለትም ከእስልምና በፊት የነበረ ምልክት ካለው ሪካዝ ነው፤ በሐዲስ እንደተደነገገው አንድ አምስተኛው ይወጣለታል። የእስልምና ምልክት ካለው ግን ባለቤት ያለው ንብረት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ እንደ ሉቀጣ ለአንድ ዓመት ይታወጃል። በመዳብ ላይ የአምስተኛው ግዴታ መኖር አለመኖሩ ያከራክራል። በሻፊዒዮች ዘንድ በታወቀው አቋም ግዴታው በወርቅና በብር ብቻ ሲወሰን፣ ሌሎች መዳብንም ይጨምራሉ።

የብይኑ ዝርዝር ለሙፍቲዎች የሚተው ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ፉቀሃእ ብይናቸውን በገንዘቡ ላይ ባለው ጽሑፍ ላይ አቁመዋል። በሎሚና በአመድ አሽቶ ጽሑፉን ያጠፋ፣ ወይም ሳይነበብ ያቀለጠ ሰው የብይኑን ማስረጃ አጥፍቷል። በአቡ ዳዉድና በኢብኑ ማጃህ የተዘገበ፣ በሙስሊሞች መካከል የሚሠራበትን ሲካ ያለ በቂ ምክንያት መስበርን የሚከለክል ሐዲስም አለ። ሰነዱ ደካማ መሆኑ ተነግሯል፤ የሚመለከተውም በገበያ ላይ ያለን ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ለአሮጌ መዳብ በቀጥታ ማስረጃ ማድረግ አይገባም። ሆኖም ዑለማእ ስለ ሲካ ክብር ማሰባቸውን ያሳያል።

የሀገሪቱ ሕግም ጉዳዩን በዝምታ አላለፈውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ፣ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ስለዚህ ከማሳ የወጣን ጥንታዊ ገንዘብ ለአሻጋሪ መሸጥ ታሪክን ከመጉዳቱ በተጨማሪ በሕግ ያስጠይቃል።

ማጠቃለያ

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ መልሱ እንደሚከተለው ይከፈላል። አሮጌ የመዳብ ገንዘብን ለመክበር ብሎ ማከማቸት አይጠቅምም፤ አብዛኛው ውድ አይደለም፣ ፉቀሃእም ከገበያ የወጣን መዳብ ከተራ ዕቃ አላስበለጡትም። ለታሪክ ብሎ ማቆየት ግን ይጠቅማል፤ የሚጠቅመውም የት፣ መቼ፣ ከማን ቤት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ እስከታወቀ ድረስ ነው። ይህ ዕውቀት የተለየው መዳብ ግማሽ ሞቷል።

ለማቆየት የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። ገንዘቡን አለማጠብ፣ አለመፈግፈግና አለማብረቅ፤ አረንጓዴውን ሽፋን እንዳለ መተው፤ እርጥበት በሌለበት ስፍራ እያንዳንዱን በወረቀት ከረጢት ለየብቻው ማስቀመጥ፤ በወረቀቱ ላይ የተገኘበትን ቀበሌ፣ ማሳ ወይም ቤት፣ የተገኘበትን ቀንና አብሮት የነበረውን ዕቃ መጻፍ፤ በአንድ ቋጠሮ የተገኘውን በአንድነት መያዝ ይበቃል። የመስጊድ ኮሚቴዎችና የመድረሳ መምህራን የእጅ ጽሑፎችን ለመመዝገብ በሚያደርጉት ጥረት ላይ አንድ የገንዘብ መዝገብ ቢጨምሩ፣ እንደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የአካባቢው ተቋማትም መዝገቡን በፎቶግራፍና በሚዛን ቢያግዙ፣ ባለቤቶች ንብረታቸውን ሳያጡ ታሪኩ ሊተርፍ ይችላል።

የሐድያ ሱልጣኔት በስሙ የታተመ ገንዘብ አላስቀረልንም፤ ሐኩናውም በአብዛኛው በአፈር ተበልቷል። በዚህ ምክንያት በዚህ ምድር ላይ ያለፉት ነጋዴዎችና ዑለማእ ከሌላ ስፍራ ይዘው የመጡት እያንዳንዱ መዳብ፣ ሌላ ቦታ ካለው አቻው የበለጠ ይፈለጋል። በቆራሌው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ሊነበብ፣ ሊመዘገብና ለሚመጣው ተመራማሪ ሊቆይ ይገባዋል። ወላሁ አዕለም።